አጋሬ የተራራው ሰው

ካይናካሪ
እሁድ፣ የዝናቡ ወር ካርኪዳካም በገባ በሰባተኛው ቀን

ውድ አቻያ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስህ በሰላም፣ ብርድ ልብስህን ደርበህ፣ ያ የደረትህ ሳል ለቅቆህ ታግኝህ። እዚያ ተራራ ላይ ካታፓና ጉሙ በመስኮት ገብቶ አልጋ ላይ ይጋደማል ብላ የወንድምህ ሚስት ሊሲ ነግራኛለች። እኔ ክብር ለፈጣሪ ይሁን ደህና ነኝ። ዳክዬዎቹም ደህና ናቸው። ጥቁሯ ብቻ እንቁላሏን በሰው ጀልባ ውስጥ እየጣለች ከጎረቤት ታጣላኛለች።

ወረቀትና ብዕር ይዤ ስቀመጥ ልብስ ሰፊዋ ሳራስዋቲ ዓሣ ልታካፍለኝ መጣች።

"ምንድነው እትዬ? ለመንግሥት አቤቱታ ነው?" አለችኝ።

"ለባሌ ነው" አልኳት።

አፏን ከፍታ ቀረች። ድመቷ ከእጇ አንዱን ዓሣ ነጥቃ ስትሮጥ እንኳ አላየችም። አይፈረድባትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስምህን ከአፌ ሰምታ አታውቅም።

ውሃው ዘንድሮ የደጁን ሁለተኛ ደረጃ አልፏል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ከደመናው ሥር ብቅ ስትል፣ ውሃው የቤቱን ጣሪያ፣ ኮኮናቶቹን፣ የሳራስዋቲን ልብስ መስጫ ገመድ ሁሉ ገልብጦ ይይዛል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳይ ቤታችን የቆመ አይመስለኝም። የሆነ ሰው ገመዱን የፈታው፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ይመስለኛል። እምቦጩ ከነሐምራዊ አበባው በፊቴ ያልፋል፤ እሱ ነው የሚሄደው ወይስ እኔ፣ አይለይም። እንዲህ ባለው ሰዓት ነው ስልኬን አውጥቼ የምጫወተው። ስለዚያ ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት። ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

የታላቁ ጎርፍ ዓመት ቤቱን ካጠብን በኋላ የተባባልነውን አንተም አልረሳኸውም። ጭቃውን ከግድግዳ እየፋቅን ነበር። መፋቂያውን ወረወርክና፣

"አቻማ፣ ይህ ቤት የውሃው ነው። ሠላሳ ዓመት ሞተር እያስነሳሁ ከሩዝ ማሳው ላይ ውሃ ስገፋ ኖርኩ። አሸነፈኝ። ወንድሜ ጋ እንሂድ" አልክ።

"ያሸነፈው አንተን ነው። እኔን አላሸነፈኝም።"

"እንግዲያው ከውሃው ጋር ኑሪ!"

"ከአንተ ይሻለኛል! ውሃ ሲመጣም ሲሄድም ይታወቃል!"

ይህን በማለቴ አልጸጸትም፤ ተናድጄ ነበር፣ አንተም ተናድደህ ነበር። ግን ልጅ በሌለበት ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሲኮራረፍ አስታራቂ የለም። አንተ ቦርሳህን ይዘህ ጀልባ ላይ ወጣህ፤ እኔ ወደ ኩሽና ገባሁ። አንተ ቀድሜ አልደውልም አልክ፤ እኔም አልደውልም አልኩ። ሁለታችንም ቃላችንን ጠበቅን። ምን ይጠቅማል እንዲህ ያለ ቃል ጠባቂነት?

ከአንተ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ጀልበኛው ኮቹቶማን ልጁ ጋ ኮታያም ገባ። የሚስቱን ነገር ታውቃለህ፣ ከቤቱ ማሰሮ አልቀረም፣ ምጣድ አልቀረም፣ ሁሉን ጭና ሄደች። ያን ሃያ ስምንት የምንለውን ካርታ ለመጫወት አራት ሰው ያስፈልጋል፤ በዚህ የማሳ ግድብ ላይ ግን እኔና ሳራስዋቲ ቀረን። እሷ ደግሞ ካርታ ስትይዝ እንደ ማራገቢያ ዘርግታ ለሁሉም ታሳያለች።

አንድ ቀን ሊሲ ደወለች።

"እትዬ አቻማ፣ አሁንም ካርታ ትጫወቻለሽ?"

"ከማን ጋር? ከዳክዬዎቹ ጋር?"

"በስልክ ነዋ! ሃያ ስምንት በስልክ አለ። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ኮምፒውተር ናቸው፤ አጋርሽ ግን ሰው ነው። እዚህ ቤተክርስቲያናችን ባሏ የሞተባት አንዲት ምስኪን ሴት አለች፣ አጋር አጥታ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትገባለች።"

ሳራስዋቲ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ስከፍተው አረንጓዴ ጠረጴዛ መጣ። በግራ ራጁ የሚባል ባለጢም ሰውዬ፣ በቀኝ ሚኒ የምትባል ባለመነጽር ሴት፤ ሁለቱም ሥዕል ናቸው፣ ሁለቱም ኮምፒውተር። ከፊት ለፊቴ አጋሬ። ስሟ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የተራራው ሰው።"

ለሊሲ ደወልኩላት። "ይቺ ባሏ የሞተባት ሴት ለምን 'ሰው' ተባለች?"

"የሟች ባሏ ስልክ ስለሆነ ነዋ!" አለች፣ ሳትተነፍስ። ውሸት ስትናገር እንደምትፈጥን ረስቼ ነበር።

አመንኳት። ለጥቂት ቀን እውነት አመንኳት፤ ለሟች ባሏ ነፍስ እንኳ ጸልዬያለሁ። የራጁና የሚኒ ነገር ግን አናደደኝ። ሲሸነፉ አይናደዱም፣ ሲያሸንፉ አይስቁም፣ ፊታቸው አይለወጥም። እኛ በረንዳ ላይ ስንጫወት የተሸነፈ ሁሉ ከኮኮናት ቅጠል የተቆረጠ ጉትቻ አንጠልጥሎ እስከ ማታ ይዞር አልነበር? የመጀመሪያ ቀን የተቀመጥኩ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አጋርህ ወባ ይዞት ቀርቶ፣ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለሁ "ነይ አንቺ ተቀመጪ" ያልከኝ ቀን። ኮቹቶማን "ሴት ካርታ ይዛ ሩዙ ሊያርር ነው!" ብሎ ሲስቅ፣ ማታ ጉትቻ አንጠልጥሎ ጀልባውን ሲቀዝፍ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ራጁን እንዴት አድርጌ ጉትቻ ላንጠልጥልበት?

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ይህ ሆነ። ጨዋታውን ራጁ ጠርቶ ገዥውን ካርታ መርጦ ደበቀ። ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ ከልቦቹ ሁሉ ትልቁን፣ የልብ ጃክን ጣልኩ፤ ሚኒ ተራ ካርታ ጣለች። የተራራው ሰው ተራ ደረሰ። ከኋላው ራጁ አለ፣ ልብ ካልያዘ ገዥውን ገልጦ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ትንሿን ካርታ ጥሎ ጉዱን ያያል። አጋሬ ግን ትንሽ ቆየ፤ ሰው ካርታ በጉልበቱ ላይ መታ መታ አድርጎ እስኪጥል ያህል ቆየ። ከዚያ ከጃክ ቀጥሎ ብዙ ነጥብ ያለውን የልብ ዘጠኝን ጣለልኝ።

አቻያ፣ በዚህ ዓለም ላይ ገና ያልታየ ገዥ እያለ ዘጠኙን የሚጥል ሰው አንድ ብቻ ነው። ወንዶቹ ስንት ጊዜ ሳቁብህ! በስምህ ጠርተው "አቪራ ዛሬም ሚስቱን እያበላ ነው!" ይሉህ ነበር። "የሚስቴን አፍ ለእኔ ተዉልኝ" ትላቸው ነበር።

ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ውሃውም ሰማዩም አንድ ሆነው ነበር። ተራዬ ደርሶ አልጫወትኩም። ለካ ሰው ሲዘገይ ኮምፒውተሩ ራሱ ተቀምጦ ይጫወትለታል። እኔ ሳለቅስ እሱ በእኔ ስም ተጫውቶ ጨረሰው። ደግሞ አሸነፈ።

እንግዲህ አወቅሁ። ለሊሲም ለአንተም አልተናገርኩም። ሊሲን አትቆጣት። ብናገር ትጠፋለህ ብዬ ፈራሁ፤ አንተ ኩሩ ነህ፣ እኔም ካንተ አላንስም። ዝም ብሎ መጫወት ይሻላል አልኩ። ሩዜን በልቼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ (ማን ያየኛል? ግን አበጥራለሁ) በረንዳ ላይ እወጣለሁ። እኔ እዚህ ከባሕር ጠለል በታች፣ አንተ እዚያ ከደመና በላይ፤ መሃላችን አረንጓዴ ጠረጴዛ። አንተ ዝም፣ እኔ ዝም። ካርታህ ሲወድቅ ግን እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ላይ የማየው ካርታውን አይመስለኝም፤ እጅህን የማይ ይመስለኛል፣ ጥፍሩ ሥር የሞተር ቅባት ያለበትን። አንድ ቀን ስምንት ጊዜ ተከታትለን አሸነፍናቸው። ያን ቀን ዳክዬዎቹን ሁለት ጊዜ ቀለብኳቸው፣ ከደስታ የተነሳ። በትዳራችን እንደዚያ ያለ ሰላም የነበረን መቼ ነው?

ከፋሲካ ወዲህ ግን ትንሽ ተለወጠ። የስልክህ ነገር ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ሃያ ብለህ ጠርተህ ገዥውን ደበቅህ። ሲገለጥ ጥቁሩ ጦር ነው፤ አንተው መርጠህ የደበቅከው። አንተ ግን ቀዩ ልብ ገዥ የሆነ ይመስል በልብ መቁረጥ ጀመርክ። እስከ መጨረሻው ድረስ በልብ። ራጁ ሁሉንም ሰበሰበ። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ነው። በደመና ቀን ቀይና ጥቁሩ አይለይም፣ ለእኔም አይለይም። ሌላ ቀን ደግሞ ጃክህን ለሚኒ አሳልፈህ ሰጠህ። ይሁን፤ ሴት ናት፣ መነጽር አላት፣ አዝነህላት ይሆናል።

ከዚያ እነዚያን ትንንሽ ሥዕሎች መላክ ጀመርክ። ስንት ወር ስንጫወት አንዲት ሥዕል ልከህ አታውቅም። አሁን በጨዋታው መሃል ጀልባ ትልክልኛለህ። ጀልባ። ትንሽ ቆይተህ ሌላ ጀልባ። ተራህ ደርሶ ካርታ ሳትጥል ጀልባ። እኔም አበባ ላክሁልህ፤ ሌላ ምን እንደምልክ አላወቅኩም።

ቀጥሎ የቀረህበት ሰሞን መጣ። ስምህ አለ፣ የተራራው ሰው ይላል፤ ከጎኑ ግን ያቺ ትንሽ የብረት ጭንቅላት ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ወንበርህ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ከአንተ የተሻለ ይጫወታል። ካርታ አይረሳም፣ አይሳሳትም፣ ዘጠኙን በከንቱ አይጥልም። በየቀኑ አሸነፍን። እንደዚያ የመረረኝ ማሸነፍ የለም። አንድ ቀን ስልኩን ሩዝ ዕቃ ውስጥ ከተትኩና ክዳኑን ዘጋሁበት።

ለሊሲ ደወልኩላት።

"አጋሬ ምን ሆና ነው የቀረችው?"

"የትኛዋ አጋርሽ?"

"ያቺ ባሏ የሞተባት። ባለጢሟ።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተበላሸ።

"መቼ አወቅሽ እትዬ?"

"ዘጠኙን የጣለልኝ ቀን። አሁን አታልቅሺ፣ ንገሪኝ።"

ጉንፋን ይዞህ እንደነበረ ነገረችኝ። ሌላም ነገረችኝ። ሙዝ ልትገዛ ወጥተህ ባለሱቁን "ወንድሜ፣ የአላፑዣ ጀልባ የሚቆመው የት ነው?" ብለህ ጠየቅኸው አሉ። ካታፓና፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ በሚበቅልበት ተራራ ላይ የእኛ የታች ከተማ ጀልባ! ሳቅሁ።

"ቀልዱን ነው" አልኳት። "አታውቂውም እንዴ? ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም።"

"እትዬ፣ ቀልድ አይመስለኝም። ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ቆሞ..."

"ቀልዱን ነው አልኩሽ፣ ሊሲ።"

ቀልድህን ነው፤ አይደል? ስድሳ ዓመት በጀልባ ሲመላለስ የኖረ ሰው ጀልባ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? እኔስ ባለፈው ሳራስዋቲን በሟች እህቴ ስም ጠርቻት የለ? ሰው ነን።

በማግሥቱ ግድቡ ላይ ሄድኩ፣ እስከ አሮጌው የሞተር ቤትህ። ሞተሩ ዝጓል፤ በሩ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። ከውስጥ አሁንም ያ ናፍጣ ናፍጣ የሚለው ሽታህ አለ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ምንም ድምፅ አልነበረውም። አንድ ባዶ ጀልባ የሆነ ቦታ ገመዷ ተፈትቶ በመሃል ትሄድ ነበር፣ ቀዛፊ የላትም፤ ቀስ ብላ ትዞርና ፊቷን ወደዚህ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትዞራለች። ብዙ ሰዓት ሳያት ቆየሁ። ሰው ጀልባ የሚጠይቀው የሚሄድበት ሲኖረው ነው ብዬ አሰብኩ። አላፑዣ ወርዶ፣ ከአላፑዣ ደግሞ ወደዚህ። ሌላ ወዴት ይሄዳል? ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቤት መጣሁ፤ ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ።

አቻያ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ እመጣለሁ።

የምመጣው ለራሴ ብዬ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ። እርጥበቱ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ሐኪሙም ደረቅ አየር ያለበት ተቀመጪ ብሎኛል። ሳራስዋቲ በትከሻዬ ላይ እያነበበች፣ "የትኛው ሐኪም? ትናንት ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ክዳን ያስተካከልሽው በማን ጉልበት ነው?" ትላለች። አትስማት። ዳክዬዎቹን ለእሷ ሰጥቻታለሁ፣ ጥቁሯንም ጭምር። ቁልፉንም። ቤቱ የውሃው ነው ብለህ ነበር፤ ልክ ነህ አልልህም፣ እንዲህ በቀላሉ አታገኘውም። ግን ትንሽ ጊዜ ውሃው ይጠብቀው። እኔ ብዙ ጠብቄዋለሁ።

እዚያ ስደርስ ስልኩን እንዘጋዋለን። ወንድምህና ሊሲ ከግራና ከቀኝ ይቀመጡልን፤ የሚናደድ ፊት፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ጆሮ ያላቸው ሰዎች። አንተ ከፊት ለፊቴ። ገዥውን ስትደብቅ ግን ጎንበስ በልና በጆሮዬ ንገረኝ። ማጭበርበር መሆኑን አውቃለሁ። ለሁለት ብናውቀው ይሻላል፤ አንዳችን ብንረሳ አንዳችን እንይዘዋለን። እኔ እንኳ ሰሞኑን እረሳለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ፎቶዬን አድርጌዋለሁ። ሳራስዋቲ ባለፈው ሳምንት ነው ያነሳችኝ፣ አረንጓዴውን ሳሪ ለብሼ። ረቡዕም የምለብሰው እሱን ነው። በጀርባው ላይ ስሜን በትልቁ ጽፌበታለሁ፣ "አቻማ፣ ሚስትህ" ብዬ። አትሳቅብኝ። ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ፊቴ ከስቷል፣ በዚህ ላይ ጉም አለ፤ ማንም ሰው ቢሆን ሊቸገር ይችላል። ሊሲ ጠዋት ጠዋት እንድታሳይህ ነግሬያታለሁ፣ እንድትለምደው ያህል።

አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው። ብቻህን እንዳትመጣ፣ ከሊሲ ጋር ና። እኔ ያን አገር አላውቀውም፤ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው ይላሉ፣ ሰው ዞር ሲል ይጠፋል አሉ። እፈራለሁ። ስለዚህ ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ እጄን ያዝልኝ፣ ቤት እስክንገባም እንዳትለቀኝ። ሰው ቢያየንም ይየን። እንዳልጠፋብህ ነው።

እስከ ረቡዕ ድረስ እግዚአብሔር በመውጣትህም በመግባትህም ይጠብቅህ፤ እንቅልፍህን ጣፋጭ፣ ጠዋትህን ብሩህ ያድርግልህ። እመቤታችን መንገድህን ትያዝልህ።

ሚስትህ
አቻማ